እንዝርትና የረጋ ልብ



በዘንድሮው የትምህርት ቤታችን መጽሔት ላይ ስለ ምን እንደምጽፍ ሳስብ ብዙ ጊዜ አመነታሁ። ጓደኞቼ ስለ ጠፈር፣ ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ታላላቅ ሰዎች ታሪክ እንደሚጽፉ ነግረውኛል። እኔ ግን የመረጥሁት በብዙ ቤት ጥግ ተቀምጦ ማንም ልብ የማይለውን አንድ ትንሽ መሣሪያ ነው፤ ይኸውም እንዝርት ነው።

«ወንድ ልጅ ስለ ፈትል ምን አገባው?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ለዚህ ጥያቄ የምሰጠውን መልስ ወደ ኋላ አቈየዋለሁ። አስቀድሜ ግን የጽሑፌን ዓላማ በአጭሩ ልግለጽ። ላስረዳ የምፈልገው፣ እጅ ልኩን የጠበቀ ሥራ ሲይዝ ልብ እንዴትና ስለ ምን እንደሚረጋ፣ ደግሞም መቼ እንደማይረጋ ነው። እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ ዓመት ከዕውቀት ቀጥሎ እጅግ የሚያስፈልገን ነገር የልብ ርጋታ ስለ ሆነ፣ ነገሩ ለጨዋታ ያህል የተነሣ አለመሆኑን አንባቢ ይረዳልኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥጥ ክር እስኪሆን ድረስ

ጋቢ ለብሰን ብርዱን ስንከላከል፣ ወይም እናቶቻችን በበዓል ቀን ነጠላቸውን አጣፍተው ሲወጡ ስናይ፣ ያ ልብስ በስንት እጅ እንዳለፈ የምናስብ ጥቂቶች ነን። ስለዚህ መንገዱን ከመነሻው እንመልከት።

ጥጡ ከተለቀመ በኋላ መጀመሪያ ከፍሬው ይለያል። ይህ ሥራ መዳመጥ ይባላል። ጥጡን በዝርግ ድንጋይ ላይ አድርገው ቀጭን የብረት ዘንግ ሲያንከባልሉበት፣ ፍሬው እየተፈናጠረ ይወጣና ጥጡ ብቻውን ይቀራል። ቀጥሎ ጥጡ በደጋን ይነደፋል። ደጋን እንደ ቀስት ሆኖ ጅማት የተወጠረበት ዕንጨት ነው፤ ጅማቱ በጥጡ መካከል ሲርገበገብ፣ ተጣብቆ የነበረው ጥጥ ተፈታትቶ እንደ ደመና ይነፋል። ይህ የተነደፈ ጥጥ ባዘቶ ነው። ነጭና ለስላሳ ነገር ባየን ጊዜ «ባዘቶ ይመስላል» የምንለው ከዚህ የተነሣ ነው። ባዘቶውም ለእጅ እንዲመች ሆኖ ሲጠቀለል አመልማሎ ይባላል።

ከዚህ በኋላ ተራው የእንዝርት ነው። እንዝርት ቀጭን ዘንግና ከዘንጉ ጋር የተያያዘ ክብ ነገር ያለው መሣሪያ ነው፤ ክቡ ነገር በክብደቱ ዘንጉ ቶሎ ሳይቆም እንዲሾር ያደርገዋል። ፈታይዋ አመልማሎውን በአንድ እጇ ይዛ፣ ጫፉን ከእንዝርቱ ጋር ካያያዘች በኋላ፣ በሌላው መዳፏ እንዝርቱን በጭኗ ላይ ገፋ ታደርገዋለች። እንዝርቱ ሲሾር አመልማሎ የያዘው እጅ ወደ ላይ ይወጣል፤ ጥጡ ይሳባል፤ ቀጭን ክር እየከረረ ይወርዳል። ክሩ በቂ ሲሆን በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። እንደገና ገፋ፣ እንደገና ሳብ፣ እንደገና ጥምጥም። በዚህ ዐይነት ዘንጉ ላይ እየወፈረ የሚሄደው የክር ጥቅል ልቃቂት ነው።

ልቃቂቱ ወደ ሸማኔው ሲሄድ ክሩ ሁለት ዐይነት አገልግሎት አለው። በቁመት የሚወጠረው ድር፣ በአግድም በመወርወሪያ የሚገባው ማግ ይባላል። ድሩ ብዙ መወጠርን ስለሚችል ጠንከር ብሎ የከረረ መሆን አለበት፤ ማጉ ግን ለስለስ ቢል ልብሱን ያሞቀዋል። ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር፣ ለማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል ይጠቀማሉ። በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ በየሱቁ ተሰቅለው ከምናያቸው የአገር ልብሶች ብዙዎቹ እንዲህ የተሠሩ ናቸው። ጋቢ አራት ድርብ ስለ ሆነ፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ማግ ለመፍተል ስንት ጊዜ «ገፋ፣ ሳብ፣ ጥምጥም» እንደሚባል አንባቢ ራሱ ይገምት።

ስለ ምን ክሩ አይበጠስም?

አንዲት የጥጥ ጭረት ብትለካ ርዝመቷ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በሁለት ጣት ይዘን ብንስባት ያለ ችግር ትበጠሳለች። ታዲያ ይህን ያህል አጭርና ደካማ የሆነ ነገር ብዙ ክንድ የሚረዝምና ሰውን የሚያለብስ ክር የሚሆነው እንዴት ነው?

ምስጢሩ በማክረር ላይ ነው። እንዝርቱ ሲሾር ጭረቶቹ እርስ በርሳቸው ይጠማዘዛሉ። ክሩን በሁለቱም ጫፍ በሳብነው ጊዜ ከውጭ ያሉት ጭረቶች በውስጥ ያሉትን ይጫኑአቸዋል፤ በመካከላቸውም ሰበቃ ይፈጠራልና አንዱ ከሌላው ተንሸራቶ ሊያመልጥ አይችልም። ክሩን በሳብነው መጠን ጭረቶቹ ይበልጥ ይያያዛሉ። ከዚህም በላይ የጥጥ ጭረት በተፈጥሮው ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ የጥጡ ፍሬ ተከፍቶ በሚደርቅበት ጊዜ ጭረቱ ጠፍጠፍ ብሎ እንደ ጥብጣብ ስለሚጠማዘዝ፣ አንዱ ከሌላው ጋር ለመያያዝ ይቀለዋል።

ነገር ግን ማክረር ልክ አለው። ክሩ ሳይከር ከቀረ ላልቶ ይለያያል፤ ገና ሳይጠመጠም በእጅ ላይ ይቀራል። ከልክ በላይ ከከረረ ደግሞ በራሱ ላይ ይጠማዘዛል፣ ይቋጠራል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል። የፈታይ ብልኀት ሁሉ በእነዚህ በሁለቱ መካከል መቆየት ነው።

እዚህ ላይ አባቶቻችንና እናቶቻችን በቋንቋችን ውስጥ ያስቀመጡትን ነገር ልብ እንበል። የሁለት ሰዎች ጠብ ሲበረታ «ጠቡ ከረረ» እንላለን። ነገር በጣም ሲጠብቅም «ሲከር ይበጠሳል» ብለን እንመክራለን። ሐሳብ የበዛበትን ሰው «ሐሳቡ ተወሳሰበበት» እንለዋለን፤ ይህም ጫፉ የጠፋ ክር ዐይነት ማለት ነው። የልባችንን ጠባይ ለመግለጽ ከፈትል ቤት ቃል መበደራችን ያለ ነገር አይደለም። ፈትልን የሚያውቅ ሕዝብ ልብም እንደ ክር መላላትና መክረር እንዳለበት አይቶአል ማለት ነው።

ልብ የሚረጋበት ምክንያት

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ፈትል የሚፈትሉ፣ ሹራብ የሚሠሩ፣ ዳንቴል በኪሮሽ የሚሠሩ ወይም ሰፌድ የሚሰፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ሥራው ያሳርፈኛል» ሲሉ እንሰማለን። ሥራ ራሱ እንዴት ዕረፍት ሊሆን ይችላል? ምክንያቶቹን በሦስት ከፍዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

አንደኛው ምክንያት ድግግሞሽ ነው። ሰው በፈራ ወይም በተጨነቀ ጊዜ ሰውነቱ ለመዋጋት ወይም ለመሸሽ ይዘጋጃል፤ ልቡ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ጡንቻው ይወጠራል። አንበሳ ለገጠመው ሰው ይህ ጠቃሚ ነው፤ የሒሳብ ጥያቄ ለገጠመው ተማሪ ግን ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ያስተምር የነበረው የልብ ሐኪም ኸርበርት ቤንሰን እ. ኤ. አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰውነት የዚህ ተቃራኒ የሆነ የማረፍ ጠባይም እንዳለው ገልጦአል። ወደዚያ ለመድረስ የሚያስፈልጉትም ነገሮች ቀላል ናቸው፤ አንድን ቃል፣ ጸሎት፣ ድምፅ ወይም እንቅስቃሴ መደጋገም፣ ሌላ ሐሳብ ሲመጣም ሳይናደዱ ወደ ድግግሞሹ መመለስ ነው። በዚህ ጊዜ ትንፋሽ ይረዝማል፤ የልብ ምትም ይቀንሳል። እንዝርት የምታሾር ሴት ይህን መጽሐፍ ባታነብም፣ እጇ ገፋ፣ ሳብ፣ ጥምጥም ሲል የምታደርገው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሥራው ልክ መሆን ነው። በጣም ቀላል ሥራ ሲሆን ሐሳባችን ሾልኮ ይሄድና ወደ ጭንቀቱ ይመለሳል። በጣም ከባድ ሲሆን ደግሞ ሥራው ራሱ ጭንቀት ይሆናል። ትውልዱ ሐንጋሪያዊ የሆነው የሥነ ልቡና ሊቅ ሚሃይ ቺክሰንትሚሃይ እ. ኤ. አ. በ1990 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ሰው ራሱን ረስቶ በሥራው የሚደሰተው የሥራው ክብደትና የሠሪው ችሎታ ሲመጣጠኑ መሆኑን አስረድቶአል። ፈትል እንዲህ ያለ ሥራ ነው። ጣት የጥጡን ውፍረት ዘወትር መሰማት አለበት፤ ዐይንም ክሩን መከታተል አለበት። ስለዚህ ልብ ሩቅ ለመሄድ ፈቃድ አያገኝም፤ ነገር ግን ለመነጋገርና ለመሳቅ ቦታ ይተርፈዋል።

ሦስተኛው ምክንያት የሚታይ ፍሬ መኖሩ ነው። ተማሪ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያነብ ምን ያህል እንደ ተማረ በዐይኑ ሊያይ አይችልም። ፈታይ ግን ልቃቂቱ ሲወፍር ታያለች፤ በእጇም ትመዝነዋለች። የዛሬው ሥራ ከትናንቱ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል።

እ. ኤ. አ. በ2013 በእንግሊዝ አገር የሚገኙ ተመራማሪዎች በልዩ ልዩ አገሮች የሚኖሩ 3,545 ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቀው ያገኙት መልስ ከዚህ ጋር ይስማማል። አዘውትረው የሚሠሩት ሰዎች ከሥራው በኋላ የመረጋጋትና የደስታ ስሜት እንደሚሰማቸው ይበልጥ ተናግረዋል። ሆኖም ነገሩን በሚዛን ማየት ተገቢ ነው። የተጠየቁት ሥራውን የሚወዱ ሰዎች ናቸው፤ የማይወዱትማ ቀድሞውንም ትተውታል። ስለዚህ ይህ መልስ «እጅ ሥራ ሁሉን ሰው ያረጋጋል» የሚል ማስረጃ ሳይሆን «ብዙዎችን አረጋግቶአል» የሚል ምስክርነት ነው።

የሴት ሥራ ነውን?

አሁን ወደ አቈየሁት ጥያቄ ልመለስ። በአገራችን ልማድ መፍተል የሴቶች፣ መሸመን የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሮአል። ፈትል በሴቶች ዘንድ ምን ያህል የከበረ እንደ ሆነ ለማየት ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ይበቃል። ቅዱስ ገብርኤል እመቤታችንን ባበሠራት ጊዜ ሐርና ወርቅ አስማምታ ትፈትል እንደ ነበረ በትውፊት ይነገራል፤ በብዙ የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ላይ እንዝርት ይዛ ትታያለች። በመጽሐፈ ምሳሌ በ31ኛው ምዕራፍ የተመሰገነችው ባለሙያ ሴትም እንዝርት ከያዙት መካከል ናት።

ይሁን እንጂ የእጅ ባለሙያዎች በአገራችን ብዙ ዘመን ተንቀው ኖረዋል። ሸማኔው የሸመነውን ለብሰው ሸማኔውን የሚሰድቡ ሰዎች ነበሩ። ዳግማዊ አጤ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ ማስነገራቸው ነገሩ ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ ያስረዳል።

ከአገራችን ውጭ ደግሞ የሕንዱን ማኅተመ ጋንዲን እናገኛለን። ጋንዲ ሕንዶች ከእንግሊዝ አገር የሚመጣውን ልብስ ትተው በእጃቸው የፈተሉትን እንዲለብሱ ሲያስተምሩ፣ ወንዱንም ሴቱንም፣ ባለጠጋውንም ድኻውንም እንዲፈትሉ ጠይቀዋል። ራሳቸውም በየቀኑ ይፈትሉ ነበር፤ በታሰሩ ጊዜ እንኳ በወህኒ ቤት ውስጥ ፈትለዋል። መሣሪያቸው ቻርካ የሚባል ባለ መሽከርከሪያ ቢሆንም ሥራው ያው ጥጥ ማክረር ነው። አንድን ታላቅ መንግሥት ያስጨነቀ ሰው ፈትል ሲፈትል ክብሩ ካልተቀነሰ፣ የእኔ ክብር በእንዝርት የሚቀንስበት ምክንያት አይታየኝም።

እኔ ያየሁት

እስካሁን የጻፍሁት ከመጻሕፍት ያገኘሁትና ከባለሙያዎች የሰማሁት ነው። አሁን የራሴን ልጨምር። ይህን የማደርገው ስለ ራሴ ለማውራት ሳይሆን የጽሑፌ ፍሬ ነገር የተገኘው ከዚያ ስለ ሆነ ነው።

ለ2014 ዓ. ም. የትምህርት ዘመን በተሰጠው የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከተፈታኞቹ ውስጥ ከመቶ 3.3 ያህል ብቻ እንደ ነበሩ ሁላችን ሰምተናል። ይህ ቁጥር ከዚያ ወዲህ በተማሪዎች ሁሉ ጆሮ ውስጥ ያቃጭላል። እኔም በዘንድሮው ዓመት አጋማሽ ላይ እንቅልፍ ባይኔ ሳይዞር ማደር ጀመርሁ። መጽሐፍ እከፍታለሁ፤ ገጹን እገልጣለሁ፤ ምን እንዳነበብሁ ግን አላውቅም። ሐሳብ ሳወጣና ሳወርድ ይነጋል። እናቴ ትጨነቃለች፤ ጭንቀቷ ደግሞ የእኔን ያባብሰዋል።

አንድ ቀን ማታ ከእኛ ጋር የሚኖሩት አያቴ እንዝርታቸውን ይዘው ተቀምጠው ሳለ ጠሩኝ።

«ምን ሆነህ ነው ልጄ፣ እንደ ከረረ ክር የምትጠማዘዘው?» አሉኝ።

«ምንም አልሆንሁም፣ እማማ። ፈተናው አሳስቦኝ ነው» አልኋቸው።

«በል ና፣ አጠገቤ ተቀመጥ» ብለው እንዝርቱን በእጄ ላይ አኖሩልኝ።

በመጀመሪያው ቀን ክሩ ስንት ጊዜ እንደ ተበጠሰብኝ አልቈጠርሁም። አንድ ጊዜ እንደ ገመድ ይወፍራል፤ አንድ ጊዜ እንደ ሸረሪት ድር ይቀጥንና ይበጠሳል። ተናድጄ ጥጡን በጎተትሁ ቍጥር ይብስብኝ ነበር። አያቴም «ክር በጉልበት አይወጣም። የተበጠሰውን ጫፍ በጥጡ ላይ አስተኝተህ ቀስ ብለህ አሹረው፤ ራሱ ይያያዛል» አሉኝ። እንዳሉኝ ባደርግ በእርግጥ ተያያዘ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ከፈተልሁ በኋላ መጽሐፍ ስከፍት ያነበብሁትን ማወቅ ጀመርሁ። እንቅልፌም ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ።

ከዚህ በኋላ ግን አንድ ጓደኛዬ ሊጠይቀኝ ሲመጣ እንዝርት ይዤ አገኘኝ። በማግሥቱ ነገሩ በክፍሉ ሁሉ ተወራ፤ ስሜም «ፈታዩ» ሆነ። ዐፈርሁ። እንዝርቱንም ለሁለት ሳምንት ያህል አልነካሁትም። አያቴ ምንም አላሉኝም፤ ብቻ እንዝርቱን ሁልጊዜ እኔ ከምቀመጥበት ቦታ አጠገብ ያኖሩት ነበር። የድሮው ሌሊት ሲመለስብኝ ጊዜ ከኀፍረቱ ዕንቅልፍ ማጣቱ የከፋ ሆኖ አገኘሁትና ወደ እንዝርቱ ተመለስሁ። ጓደኛዬም በበኩሉ በኋላ ላይ «እስቲ እኔም ልሞክር» ብሎ አንድ ክንድ ክር እንኳ ሳያወጣ እጁን እንደ ሰጠ ለአንባቢ ብነግር ቂም እንዳይመስልብኝ።

እጅ በፈትል፣ ልብ በገበያ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ስዘጋጅ አያቴን አንድ ነገር ጠየቅኋቸው።

«እማማ፣ ፈትል ሁልጊዜ ልብዎን ያሳርፍልዎ ነበር?»

«አዎን» ይሉኛል ብዬ ብእሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው ከቈዩ በኋላ እንዲህ አሉኝ።

«የለም ልጄ። አያትህ ሞተው እናትህን ብቻዬን ሳሳድግ በኩራዝ ብርሃን ሌሊቱን ሙሉ እፈትል ነበር። ዐይኔም የደከመው ያን ጊዜ ነው። እጄ በፈትሉ ላይ ነበረ፤ ልቤ ግን በገበያ ነበረ። ለቅዳሜ ይደርስልኝ ይሆን፣ ስንት ያወጣልኝ ይሆን፣ ባይሸጥልኝስ ምን አበላት ይሆን እያልሁ ነው የፈተልሁት። እንዝርቱ ያው ነው፤ ጥጡም ያው ነው። ያረፍሁት ግን አሁን ነው።»

ይህ መልስ የጽሑፌን ሐሳብ ሁሉ አገላበጠው። እኔ ርጋታው በእንዝርቱ ውስጥ ያለ መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ፈትለው ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ እናቶች ሁሉ ከማንም ይልቅ ያረፉ በሆኑ ነበር። እኛ ዛሬ ለዕረፍት የምንይዘው ሥራ ለእነርሱ የእንጀራ ጉዳይ እንደ ነበረ፣ ለብዙዎችም አሁን ድረስ እንደ ሆነ መርሳት የለብንም። የለበስነው ጋቢ የአንዲት እናት እንቅልፍ ሊሆን ይችላልና፣ ዋጋውን ስንከራከር ይህን ማሰብ ይገባናል።

ነገር ግን በአያቴ ቃል ውስጥ ለእኛ ለተማሪዎች የሚሆን ትምህርት አገኘሁበት። ሰውን የሚያደክመው የእጁ ሥራ ብቻ አይደለም፤ እጁ ከአንድ ቦታ፣ ልቡ ከሌላ ቦታ መሆኑ ይበልጥ ያደክመዋል። አያቴ ልባቸውን ወደ ገበያ የሰደደው ችግር ነውና ሊመልሱት አይችሉም ነበር። እኛ ግን መጽሐፋችንን ገልጠን ተቀምጠን ልባችንን ወደ ውጤቱ ቀን የምንሰድደው ብዙ ጊዜ በገዛ እጃችን ነው። «ባልፍስ? ብወድቅስ? ሰው ምን ይለኛል?» ስንል ገጹ ሳይነበብ ይቀራል። እንዝርት ያስተማረኝ ነገር ልብ ከገበያ ሊመለስ እንደሚችል ነው። በግሣጼ ሳይሆን፣ እንደ ተበጠሰ ክር ጫፉን አስተኝቶ ቀስ ብሎ በማሾር ይመለሳል። አንድ ጊዜ ተመልሶም አይቀርም፤ እንደገና ይበጠሳል፣ እንደገናም ይያያዛል።

ለመሞከር ለሚፈልጉ

ከአንባብያን መካከል ለመሞከር የሚወድ ቢኖር ከትንሽ ልምዴ ጥቂት ምክር ልስጥ።

አንደኛ፣ ሥራውን ከሚያውቅ ሰው ከእጁ ተማሩ። ፈትል በጣት የሚያዝ ዕውቀት ስለ ሆነ በጽሑፍ ብቻ አይገባም። በየቤታችሁ ወይም በጎረቤት የሚያውቁ እናቶች አይጠፉም፤ ስትጠይቋቸውም ደስ ይላቸዋል።

ሁለተኛ፣ እንዝርት ያላገኘ በሌላ ሥራ ይተካው። በሁለት ሽቦ የሚሠራ ሹራብ፣ ዳንቴል፣ ጥልፍ ወይም የአክርማ ስፌት ሁሉ አንድ ዐይነት ጠባይ አላቸው፤ እጅ ይደጋግማል፣ ዐይን ይከተላል፣ ፍሬው ይታያል።

ሦስተኛ፣ ጊዜውን ወስኑ። ሃያ ደቂቃ ለጥናት በር ይከፍታል፤ ሦስት ሰዓት ግን ከጥናት መሸሻ ይሆናል። እንዝርት ለመጽሐፍ ምትክ አይደለም።

አራተኛ፣ ለማሳየት ብላችሁ አትሥሩት። ስንት ክንድ እንደ ፈተላችሁ ለጓደኛ መቍጠር የጀመራችሁ ዕለት ልባችሁ ገበያ ወጣ ማለት ነው።

አምስተኛ፣ ጭንቀቱ ከጸና፣ ምግብና እንቅልፍን ለብዙ ሳምንታት ከከለከለ፣ ይህ የፈትል ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሐኪም ጉዳይ ሆኖአልና ለወላጅ፣ ለመምህር ወይም ለሐኪም መናገር ይገባል። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

መደምደሚያ

ይህን ስጽፍ ፈተናው ገና ከፊቴ ነው። ውጤቴ ምን እንደሚሆን አላውቅምና «እንዝርት አሳለፈኝ» ብዬ ልመሰክር አልችልም። የማውቀው አንድ ነገር ቢኖር ያነበብሁትን ሁሉ ልቤ እያለ እንዳነበብሁት ነው።

እስካሁን የፈተልሁት ክር ወጣ ገባ የበዛበት ስለ ሆነ ለድር የሚበቃ አይደለም። አያቴ ግን «ለማግ ይሆናል» ብለው ከራሳቸው ልቃቂት አጠገብ በሙዳይ ውስጥ አስቀምጠውታል። በሚመጣው ክረምት ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው ለሸማኔ እንደሚሰጡልኝና ጋቢ እንደሚያሠሩልኝ ነግረውኛል። በዚያ ጋቢ ላይ የእሳቸው ቀጥ ያለ ክር የቱ እንደ ሆነ፣ የእኔም ጎርባጣው የቱ እንደ ሆነ ማንም ሰው ቢያይ ይለየዋል።

ለመላው የትምህርት ቤታችን ተማሪዎች፣ በተለይም አብረውኝ ለሚፈተኑት፣ የረጋ ልብ እመኛለሁ።